ለየትኛው እጅ የትኛው ሰዓት? እንደየሥራው የእጅ ሰዓት አመራረጥ

የእጅ ሰዓትን ዕድሜ የሚያሳጥሩት አራት ነገሮች ናቸው፦ ውሃ፣ ምት፣ ማግኔት፣ እና አልቆ ውስጡ የተረሳ ባትሪ። ዋጋና ስም ከእነዚህ አያስጥሉም። ውዱ ሰዓት አንድ ምሽት ስቲም ገብቶ ጉም ሸፍኖት ሲወጣ፣ ርካሹ የፕላስቲክ ካሲዮ ሊጥም ሳሙናም እየነካ ዓመታት ይቆጥራል። ስለዚህ ሰዓት ቤት ከመግባትዎ በፊት እጅዎ ቀኑን ሙሉ ምን ሲነካ እንደሚውል ያስቡ። የቀረው ምርጫ ከዚያ ይከተላል።

ማሽኑ

የባትሪ ሰዓት ውስጥ አንዲት ኢምንት የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ቺፑ ያንን እየቆጠረ በየሰከንዱ ቆጣሪውን፣ ማለትም ፊቱ ላይ የሚዞረውን ዘንግ፣ አንድ እርምጃ ያስኬደዋል። ሲኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ አስትሮንን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ውስጥ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ትክክለኛ ሰዓት ርካሽ ነገር ሆኗል። ዛሬ ተራው የኳርትዝ ሰዓት በወር የሚዛነፈው ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው።

አውቶማቲክ የሚባለው ባትሪ የለውም። ክንድዎ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለች ግማሽ ክብ ክብደት እየዞረች ስፕሪንጉን ትሞላለች። በብዙ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኘውን የሲኮ ኤንኤች35 ማሽን ብንወስድ፣ ፋብሪካው ራሱ የሚፈቅድለት መዛነፍ በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። በቀን 40 ሰከንድ የቀደመ ሰዓት በወሩ 20 ደቂቃ ይቀድማል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ይሠራል፤ ቢሆንም «ውድ ስለሆነ ትክክል ነው» የሚለው ግምት አይሠራም። የስዊዘርላንድ ክሮኖሜትር የምስክር ወረቀት ያለው ማሽን እንኳ በቀን እስከ 4 ሰከንድ እንዲዘገይ፣ እስከ 6 ሰከንድ እንዲቀድም ይፈቀድለታል፤ ከርካሽ የባትሪ ሰዓት ያነሰ ትክክለኛነት ነው።

አውቶማቲክ የሚስማማው በየቀኑ ለሚያስሩት፣ በሳምንት አንዴ ማስተካከል ለማይሰለቻቸው፣ እና በየአራት አምስት ዓመቱ አስፈትተው ዘይቱን ለሚያስቀይሩ ሰዎች ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ጥርሶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይበላሉ፤ «ሃያ ዓመት ሳልነካው ሠራ» የሚባለው ሰዓት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ውስጡ ተበልቶ ነው የሚገኘው። የድሮው ሲኮ ፋይቭ፣ ማለትም 7ኤስ26 ማሽን ያለው፣ በጎን ቁልፉ ቢጠመዘዝ አይሞላም። ቆሞ ከተገኘ ጠፍጣፋ ይዘው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ እያሉ ያወዛውዙትና እጅዎ ላይ ያስሩት፤ የቀረውን ራሱ ይሞላል።

ሦስተኛው በብርሃን የሚሞላው ነው። ሲቲዝን ኢኮ ድራይቭ ይለዋል፣ ካሲዮ ደግሞ ታፍ ሶላር። ባትሪ ቀያሪ ሩቅ በሆነበት ወረዳ ለሚሠራ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ምርጫ የለም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ ወራት መሳቢያ ውስጥ አይዝጉበት። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ውስጡ ያለው ባትሪ ተሞይ ነው፤ ቁመቱና ስፋቱ ስለተመሳሰለ ብቻ ሠሪው ተራ ባትሪ ቢገጥምበት፣ ሰዓቱ ያንን ባትሪ ለመሙላት ሲሞክር አፍስሶ ማሽኑን ያበላሸዋል። ባትሪውን ሊያስቀይሩ ሲሄዱ «የሶላር ነው» ብለው አስቀድመው ይንገሩ።

ውሃ፦ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ጀርባው ላይ «30 ሜትር» ወይም «3 ባር» የሚለው ጽሑፍ ሠላሳ ሜትር ጠልቀው ይዋኙበት ማለት አይደለም። አዲስ ሰዓት፣ አዲስ ጎማ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ያንን ያህል ግፊት ቻለ ማለት ብቻ ነው። እጅ ሲወዛወዝ፣ ውሃ ላይ ሲመታ፣ ጎማው ሲያረጅ ነገሩ ይለወጣል። በተግባር እንዲህ ይያዙት፦

30 ሜትር፦ ዝናብ፣ እጅ መታጠብ። ከዚያ አይለፍ።
50 ሜትር፦ ዕቃ ማጠብ፣ በጥምቀት ዕለት በቧንቧ የሚረጨው ጠበል፣ ቀለል ያለ ዋና።
100 ሜትር፦ መዋኘት፣ በየቀኑ ልብስ ማጠብ።
200 ሜትር፣ በተለይ «ዳይቨርስ» ተብሎ የጠላቂ ሰዓት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነውን አይኤስኦ 6425ን ያሟላ፦ በአየር ጋን መጥለቅ።

ምንም ቁጥር ቢኖረው ሙቅ ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው። ብረቱ፣ መስታወቱና ጎማው በሙቀት እኩል አይሰፉም፤ በመካከል ክፍተት ሲፈጠር እንፋሎቱ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ፍልውሃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ስቲም ወይም ሞሮኮ ባዝ ሲገቡ ሰዓትዎን ያውልቁ። ውሃ ውስጥ ሳሉም ቁልፍ አይጫኑ፤ የጎን ቁልፉም እስከ ውስጥ የተገፋ፣ ጥርስ ካለው ደግሞ ተጠምዝዞ የተዘጋ ይሁን። ውሃ ገብቶባቸው ሠሪ ዘንድ ከሚመጡ ሰዓቶች ብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ምክንያት ይኸው የተረሳ ቁልፍ ነው።

ያገለገለ ሰዓት ሲገዙ ወይም ባትሪ ካስቀየሩ በኋላ ውስጡ እርጥበት እንዳለ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት እጅዎ ላይ አቆይተው እንዲሞቅ ያድርጉ። አውልቀው መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ትንሽ በረዶ ያኑሩ። አንድ ደቂቃ ጠብቀው ይጥረጉት። ጠብታው በነበረበት ቦታ ከውስጥ በኩል ጉም ካዩ እርጥበት አለ፤ ሳይውል ሳያድር ያስከፍቱት። ከሰል ዳር ወይም ማድቤት ምድጃ ላይ ማኖር አያድነውም፤ እንፋሎቱ ማሽኑ ውስጥ እየተዘዋወረ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ባትሪ ሲቀየርም የጀርባ ክዳኑ ጎማ ተፈትሾ ሲሊኮን ቅባት ካልተቀባ፣ ያ «100 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ጌጥ ነው።

ልክ፣ መስታወት፣ ብረት

የእጅዎን አንጓ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ከሌለ በክር ዙረው ክሩን በማስመሪያ ይለኩት። ከ15 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንጓ ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰዓት ይበቃል፤ 17 እና 18 ከሆነ ከ38 እስከ 42፤ ከዚያ በላይ ለሆነ 44 ድረስ ያምራል። ከስፋቱ ይልቅ የሚያታልለው ግን ርዝመቱ ነው፦ ከላይኛው የማሰሪያ ጆሮ ጫፍ እስከ ታችኛው ጆሮ ጫፍ። ያ ርዝመት ከአንጓዎ ጠፍጣፋ ክፍል ካለፈ ማሰሪያው በአየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሰዓቱም ይዞራል። ሱቅ ውስጥ ወደ ታች ብቻ አይመልከቱት፤ ከላይ ሲታይ ሁልጊዜ ትልቅ ይመስላል። መስታወት ፊት ቆመው ይዩት።

በጆሮዎቹ መካከል ያለውንም ስፋት ይለኩ። 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ የትም ማሰሪያ ያገኛሉ። 19 ወይም 21 ከሆነ፣ ወይም ማሰሪያው ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ከሆነ፣ ሲበጠስ ይቸገራሉ። በርካታ የፋሽን ሰዓት በዚህ ሰበብ ብቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መስታወቱ ከሦስት አንዱ ነው። ፕላስቲክ ቶሎ ይጫራል፤ ግን አይሰበርም፣ ጭረቱም በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ተፈትጎ ይጠፋል። ሚኔራል ተራው መስታወት ነው። ሳፋየር ከ1 እስከ 10 ባለው የጥንካሬ መለኪያ 9 ላይ ይቆማል፤ አቧራችን ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ 7 ነው፣ ሚኔራል መስታወት ከዚያ በታች። ሚኔራል በአቧራ ተሞልቶ በእጅጌ ሲጠረግ የሚጫረው፣ ሳፋየር የማይነካው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሳፋየር ጠንካራ እንጂ ምት ቻይ አይደለም፤ ሲሚንቶ ላይ በጠርዙ ከወደቀ ይፈረካከሳል። ለቢሮ ሳፋየር፣ ለግንባታ ሥራ ጠርዙ ከመስታወቱ ከፍ ያለ ሚኔራል ወይም ፕላስቲክ።

ብረቱን ከጀርባው ያንብቡ። «ስቴንለስ ስቲል» ብቻ ካለ ሙሉ አካሉ የማይዝግ ብረት ነው። «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ካለ ግን ክዳኑ ብቻ ነው፤ የቀረው ቅብ የተቀባ ሌላ ብረት ነው፣ ላብ ሲበላው ቆዳ ላይ አረንጓዴ ይለቃል። ጆሮ ጌጥ ወይም የቀበቶ ብረት የሚያሳክካቸው ሰዎች ኒኬል ሊሆን ይችላል የማይስማማቸው፤ ለእነሱ ታይታኒየም ወይም ሙሉ ፕላስቲክ ይሻላል።

እንደየሥራው

ለቤት ሥራ፣ ለምግብ ቤትና በዓረብ አገር ለሚሠሩ እህቶች፦ ባለ 100 ሜትር ዲጂታል ወይም ቁጥሩ ግልጽ የሆነ ባለ ቆጣሪ፣ ማሰሪያው ሲሊኮን። የብረት ሰንሰለት ሊጥና ዘይት በየመጋጠሚያው ይዞ ይቀራል። ቆዳ በላብና በእርጥበት በጥቂት ወራት ይሸታል፣ ይሰነጠቃል። በረኪና ፕላስቲኩንም ጎማውንም ያደርቃል፤ ከነካው ወዲያው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ሰዓቱን በዓረብ አገር በጋ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት፦ የዲጂታሉ ፊት በሙቀቱ ይጠቁራል፤ ሲቀዘቅዝ ቢመለስም ባትሪው ይጎዳል።

ለነርሶችና ለሐኪሞች ወሳኙ የሰከንድ ቆጣሪ ነው። የልብ ምትና ትንፋሽ የሚቆጠረው በሱ ስለሆነ፣ ቆጣሪው ረዥም፣ ከፊቱ ቀለም የተለየ፣ በየሰከንዱ መስመሩም የተሰመረ ይሁን። ቁጥሩ ሁሉ የተጻፈበት ነጭ ፊት ለሌሊት ተረኛ ይመቻል። ማሰሪያው በአልኮል የሚጠረግ ሲሊኮን ይሁን፤ ጨርቅና ቆዳ ጀርም ይይዛሉ። እንግሊዝ ውስጥ በሆስፒታል ለሚሠሩ ከክርን በታች ምንም እንዳይደረግ ስለሚታዘዝ ደረት ላይ የሚሰካው ሰዓት ነው የሚገዛው።

መካኒክና ኤሌክትሪሺያን የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት አያድርጉ። የመኪና ባትሪ ላይ ሲሠሩ የብረት ማሰሪያ ፖዘቲቩንና አካሉን ካገናኘ በሰከንድ ግሎ እጅ ያቃጥላል። ጂ-ሾክ ዲደብሊው-5600ን የመሰለ፣ 200 ሜትር ውሃ የሚችል፣ በጎማ የታሸገ ሰዓት ለዚህ የተሠራ ነው። ማሰሪያውን ግን ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ያነካክቱታል፤ ሲነካው ይጠቡት። ቶርኖ፣ ትራፓኖና ሌላ የሚሽከረከር ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ምርጫው አንድ ነው፦ ሰዓቱን ማውለቅ። ጠንካራ ማሰሪያ እዚያ ላይ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሳይበጠስ እጅን ይጎትታል።

ለተማሪ ሃያ አንድ ግራም የምትመዝነው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው ወይም ርካሽ ባለ ቆጣሪ። ስማርት ሰዓት ፈተና ክፍል በር ላይ ይያዛል፤ ለፈተና ቀን ብሎ ሌላ ሰዓት ከመፈለግ መጀመሪያውኑ ተራውን መግዛት ይቀላል። ኤፍ-91 ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ ቅርጿ ሳይለወጥ የምትሸጥ ናት፤ ባትሪዋ ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል።

ለሠርግና ለቢሮ፦ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ሸሚዝ እጅጌ ሥር የሚገባ። በወርቅ ቅብ ላይ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ የቅቡን ውፍረት በማይክሮን ይጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ስስ ነው ማለት ነው፤ ከሸሚዝ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ መጀመሪያ የጆሮዎቹ ጫፍ ላይ ይለቃል። ለጥሎሽ የሚገዛ ከሆነ ነጭ ብረት ሁልጊዜ ከስስ ቅብ ይሻላል።

ለአዛውንት ወላጅ ትልቅ ቁጥር፣ በጨለማ የሚያበራ ቆጣሪ፣ እና መቆለፊያውን በአንድ እጅ የሚያስሩት ማሰሪያ። ሳይፈቱት የሚለጠጥ የብረት ማሰሪያ ለጣት ሪህ ላለበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ክንዱ ጸጉራም ከሆነ ግን ይነጫል።

ለሯጭ

እዚህ ላይ ብዙ ብር የሚባክነው ለስሙ እንጂ ለሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ጂፒኤስ ያለው የሩጫ ሰዓት ሲመርጡ ሦስት ነገር ብቻ ይዩ፦ ጂፒኤሱ በርቶ ቢያንስ ለ10 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ፤ ዙር የሚያዝበት እውነተኛ ቁልፍ፤ እና በደረት የሚታሰር የልብ ምት መቁጠሪያን መቀበሉ። በንክኪ ብቻ የሚሠራ ፊት ላብ ወይም ዝናብ ሲነካው አይታዘዝም፤ ኢንተርቫል (ፈጣንና ዝግ ሩጫ እያፈራረቁ) እየሠሩ ዙር መያዝ አይችሉም።

ከመሮጥ በፊት ክፍት ቦታ ቆመው ሳተላይቱን እስኪያገኝ ይጠብቁ። ሳያገኝ ከጀመሩ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ርቀትም ፍጥነትም ውሸት ይሆናል። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ባለበት፣ በሸለቆም ውስጥ፣ ምልክቱ ይንጸባረቃል፤ «በ2:50 ሮጥኩ» የሚል አንድ ኪሎ ሜትር ካዩ አይመኑት። ትራክ ላይ ደግሞ ጂፒኤስ ኩርባውን ይቆርጣል ወይም ያሰፋል፤ 10,000 ሜትር 25 ዙር መሆኑን ያውቃሉና በየ400 ሜትሩ ቁልፉን በእጅ ይጫኑ፤ ወይም ሰዓቱ የትራክ ሞድ ካለው እሱን ይምረጡ።

ከአንጓ ላይ በብርሃን የሚነበበው የልብ ምት ሲሳሳት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር ከ170 እስከ 180 ነው። ያ የልብዎ ሳይሆን የእርምጃዎ ብዛት ነው፤ ሰዓቱ ልል ሆኖ በእያንዳንዱ እርምጃ ሲዘል የእርምጃውን ምት የደም ምት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ አድርገው አጥብቀው ይሰሩት። በጠዋት ብርድ ደም ወደ ቆዳ ስለማይመጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥር አይታመንም። አንጓ ላይ ንቅሳት ካለም ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ያኔ ሰዓቱን በሌላው እጅ ማሰር ወይም የደረቱን መግዛት ነው።

የኛን ሰዓት ለሚሞሉ

ባለ ቆጣሪ ሰዓት በአገርኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች ቀን የሚያሳይ መስኮት ካለው ብዙ ጊዜ «ቀኑ ማታ ይቀየርብኛል» ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው 12 ላይ፣ በሁለት ዙር አንዴ ነው፤ የትኛው 12 የጠዋት እንደሆነ ግን እርስዎ ካልነገሩት አያውቅም። ሲሞሉ ቆጣሪውን ወደ ፊት እያዞሩ ቀኑ ሲገለበጥ ያቁሙ። አሁን ያ 12 የጠዋቱ ይሁን ብለው ይያዙት። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 ከሆነ 4 ድረስ ብቻ ያዙሩ። ከምሽቱ 2 ከሆነ ግን 12ን ሌላ አንድ ጊዜ አሳልፈው 2 ላይ ያቁሙ። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በየማለዳው ይቀየራል። ቀኑን በፈጣኑ መንገድ፣ የጎን ቁልፉን ወደ መካከለኛው ቦታ ስበው፣ ማስተካከል ሲፈልጉ የሰዓት ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው የላይኛው ክፍል አይሁን። በዚያ ጊዜ ቀን የሚገፋው ጥርስ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል በግድ ሲገፉት ይሰበራል። መጀመሪያ 6 ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ ቀኑን ይግፉ።

በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ማስኬድ ለሚፈልጉ፦ የቀን ጎማው 31 ቁጥር ስላለው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው እያንዳንዱ ወር ሲያልቅ አንድ ቀን መግፋት አለ፤ በዓመት 12 ጊዜ። ጳጉሜን 5 ቀን ሆና ስታበቃ ደግሞ ከ6 ወደ 1 ለማድረስ 26 ጊዜ መግፋት ነው። በፈረንጁ ከያዙት በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ይነኩታል። ብዙ ሰው ለቀኑ ፈረንጁን፣ ለሰዓቱ የኛን የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዲጂታል ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢመልሱት ቀኑም ማንቂያውም ሊምታታ ይችላል። ከዚያ የሚሻል መንገድ አለ። ካሲዮ ኤኢ-1200ን የመሰለ የዓለም ሰዓት ያለው ዲጂታል ላይ ዋናውን ከተማ ባሉበት ያድርጉ፤ አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘ ጅዳም ያው ነው። ሁለተኛውን ከተማ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያድርጉት፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያውን ያጥፉ፣ ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ይምረጡ። ሪዮ ከአዲስ አበባ በትክክል ስድስት ሰዓት ስለምትዘገይ የሚያሳየው ቁጥር የኛው ሰዓት ነው፦ ኤኤም ሲል ቀን፣ ፒኤም ሲል ሌሊት፤ የሪዮ ቀንም የሚለወጠው ከጠዋቱ 12 ላይ ነው። ብራዚል የበጋ ሰዓት መቀያየርን በእ.ኤ.አ. 2019 ስለተወች ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። በስልክና በስማርት ሰዓትም ሪዮን ሁለተኛ ሰዓት አድርጎ መጨመር ያው ውጤት ይሰጣል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ይህን ካላደረገ በእጁ ባለው ሰዓት ላይ ከማርች እስከ ኖቬምበር አንድ፣ በብርዱ ወራት ሁለት ይደምር፤ እናቱ ዘንድ ያለው ሰዓት ይወጣለታል።

በሬዲዮ ራሱን የሚያስተካክል ሰዓት ሊገዙ ካሰቡ ምልክቱ የሚሰራጨው ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከቻይና ጣቢያዎች መሆኑን ይወቁ። ጀርመንና አሜሪካ ላለ ሰው ግሩም ነው። አዲስ አበባ ግን አይደርስም፤ ለማይጠቀሙበት ነገር ነው የሚከፍሉት። እዚህ ትክክለኛነት ከፈለጉ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚስተካከለውን ይግዙ።

ሱቅ ላይ

መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሰዓቱን ሳይከፍሉ እነዚህን ይሞክሩ። የጎን ቁልፉን ስበው የሰከንድ ቆጣሪው መቆሙን ይዩ፤ የድሮዎቹ ሲኮ ፋይቭ ሲሳብም አይቆሙም፣ ያ ችግር አይደለም። ቆጣሪውን 12ን አሳልፈው ቀኑ መሃል ላይ ሳይቀር ሙሉ በሙሉ መገልበጡን ያረጋግጡ። ትንንሽ ክቦች ያሉበት ከሆነ የላይኛውን ቁልፍ ይጫኑ፤ አንድም ቆጣሪ መንቀሳቀስ ካልጀመረ ክቦቹ ሥዕል ሊሆኑ ይችላሉ። የባትሪ ሰዓት የሰከንድ ቆጣሪ ሁለት ወይም አራት ሰከንድ እየዘለለ ከሄደ ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ለረዥም ጊዜ ሱቅ የቆየ ነው፣ ባትሪውን አስቀይረው ይግዙ። ያለቀ ባትሪ ውስጥ ከቆየ ኬሚካሉን ያፈሳል።

የሲኮ ጀርባ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል፤ ኦክቶበር በኦ፣ ኖቬምበር በኤን፣ ዲሴምበር በዲ ፊደል ይጻፋል። ሻጩ «አምና የመጣ» ያለው ሰዓት ቁጥሩ ሌላ ካለ ዋጋ መከራከሪያ አገኙ። ኤፍ-91 ላይ የቀኙን ቁልፍ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ቢይዙ ፊቱ ላይ የካሲዮ ስም ይወጣል፤ አንዳንድ ቅጂም ይህን ስለሚያሳይ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። የጀርባውን ጽሑፍ ጥራትና የማሰሪያውን ሽታ አብረው ይመርምሩ፤ ርካሽ ጎማ ከሩቅ ይሸታል።

ከገዙ በኋላ ማታ ላይ ከስልክዎ ሰዓት ጋር በሰከንድ አስተካክለው ይጻፉ፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት መልሰው ያመሳክሩ። የባትሪው ከ10 ሰከንድ በላይ፣ አውቶማቲኩ በቀን ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ ዋስትናው ሳያልፍ ይመልሱ። አውቶማቲክ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ግን ከመመለስዎ በፊት የስልክዎን ኮምፓስ ከፍተው ሰዓቱን ያስጠጉት። መርፌው ከዞረ ከስፒከር፣ ከቦርሳ መቆለፊያ ወይም ከስልክ ሽፋን ማግኔት ይዞበታል፤ ሰዓት ሠሪው በማግኔት ማጥፊያው በጥቂት ሰከንድ ያስለቅቀዋል።